የኔታ ያልላኩት ሽማግሌ

ባለፈው ሰሞን ለየኔታ ወልደ ሐና ተዝካር ከጎሬ መቱ ሄጄ ነበር። ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ዳዊት ያስደገሙኝ፣ ሰው ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው። ብዙ ኖረው፣ የልጅ ልጅ አይተው፣ በገዛ አልጋቸው ላይ ነው ያረፉት፤ ስለዚህ ሐዘኑ ደረት የሚያስደቃ አልነበረም። ድንኳኑ ውስጥ ከፊት አስቀመጡኝ። ማዕረግ ኖሮኝ አይደለም፣ ለሽበቴ ነው። ከጎኔ የልጅነት ጓደኛዬ ፈይሳ ተቀምጧል። የሱ ጆሮ ከደከመ ሰንብቷል፣ የኔም ጉልበት እንደዚያው፤ ሁለታችን ተደምረን አንድ ደህና ሽማግሌ ይወጣናል። ጠላው ቀርቦ፣ እህሉ ተባርኮ እያለ አንድ ከረባት ያሰረ ወጣት ተነሣና የየኔታን የሕይወት ታሪክ በማይክሮፎን ማንበብ ጀመረ። ድምፁ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። ተወለዱ አለ፣ ተማሩ አለ፣ አስተማሩ አለ። ከዚያ፣ «በወቅቱ የአካባቢው ሽማግሌዎች ባደረጉት ከፍተኛ ጥረት ከወይዘሮ አስካለ ገሠሠ ጋር ጋብቻ መሥርተው» ሲል እኔ አላስችል አለኝ። ፈይሳ ፊቴን አየና «ምን አለ? ምን አለ?» እያለ ይጎነትለኛል። ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ፣ «ያጋቧቸው ሽማግሌዎች ናቸው አለ» አልኩት።

ምን ልበላችሁ፣ ፈይሳ መሳቅ ጀመረ። በተዝካር! መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ እንባው መጣ። ከኋላችን የተቀመጡት ሴቶች ልቅሶ መስሏቸው «አይዞዎት አባቴ» ማለት ያዙ። እኔም በነጠላዬ አፌን ሸፍኜ አብሬው ሳቅኩ። የየኔታ የልጅ ልጅ፣ እዚያው መቱ የምታስተምር ጎበዝ ልጅ ናት፣ በኋላ ማዕድ ስታነሣ መጣችና ምን እንዳሳቀን ጠየቀችኝ። ቁጭ ብዬ ነገርኳት። ይጻፉት አለችኝ። እሺ፣ ይኸው።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ ዱሮም ከቁጥር ጋር አልስማማም። ጣልያን ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ጠገራ ብር በስልቻ ተቋጥሮ በበቅሎ የሚጫንበት፣ ባንድ ጠገራ ደህና ሙክት ገዝተህ ሚስትህን የምታስደስትበት፣ በጥቂት ቤሳ ደግሞ እንደኛ ያለ ጎረምሳ ገበያ ወጥቶ ጠግቦ የሚመለስበት ዘመን ነው። የዛሬ ልጆች መቱ ሲባል መናኸሪያውና የመኪናው ጥሩምባ ነው የሚታያቸው። ያን ጊዜ ቆርቆሮ የነካው ቤት ቤተ ክርስቲያኑና አንድ የቡና መጋዘን ብቻ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ሣር ክዳን ነው፤ በክረምት ጠዋት ጭሱ በክዳኑ ውስጥ ሾልኮ ሲወጣ ከተማው በሙሉ እንደ ተቀቀለ ድንች ይተናል። ከገበያው ቁልቁለት በታች፣ ዛሬ ወፍጮ ቤቱ ባለበት ማዕዘን፣ የነጋዴ በቅሎዎች ይታሰሩ ነበር። ከያዮ ጫካ የመጣ ቡና በሰሌን ላይ ይሰጣል፣ ማሩ ከነቀፎው ይራገፋል፣ ንቡም እየተከተለ መጥቶ ገበያተኛውን ይነድፋል፤ በመቱ ገበያ ፊቱ ያላበጠ ሰው እንግዳ ነው ይባል ነበር። ነጋዴው አማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይጨርሳል፤ እኛ የነፍጠኛና የጸሐፊ ልጆችም ስንጫወት በአንዱ፣ ስንጣላ በሌላው ነበር።

ትልቅ ከተማ ለማየት ሲያምረን ደግሞ ጎሬ ነው የምንወጣው። ጎሬ የገዢው ግቢ አለ፣ ሹማምንቱ አሉ፣ የግሪኮቹ ሱቅ አለ። አቤት ያ የግሪክ ሱቅ! አቡጀዲው፣ ላምባው፣ ሳሙናው፣ አንድ ላይ ሆኖ የሚሸተው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ ነው። ባለሱቁ በሩ ላይ የሸክላ ማጫወቻ ያስቀምጥ ነበር፤ ሸክላው የሚዘፍንበትን ቋንቋ ማናችንም አናውቅም፣ ግን አፋችንን ከፍተን እንቆማለን፤ እሱ ሲሰለቸው ውሃ ይረጨናል። የሹም ልጆች ተፈሪ ሱሪ ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ወደ አንድ ወገን ጣል አድርገው ሲያልፉ እኛ በእጀ ጠባባችን እናፍር ነበር። ስንመለስ መንገድ ላይ ከአጋሰስ ነጂዎች ጋር እንቀላቀላለን። ነጂዎቹ አቀበት ላይ የሚያወርዱትን ግጥም ሁሉ ብጽፈው ቄሱ ይገዝቱኛል፤ አንዷን ብቻ ልንገራችሁ፦

ሶርን ተሻገርኩት ውሃው ሳይቀንስ፣
ልቤ መቱ ቀረ ማን ሄዶ ይመልስ።

የኔታ ከጎጃም እንደዚሁ ከነጋዴ ጋር መጥተው ነው መቱ የቀሩት። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ አንድ ሰፊ ዋንዛ ሥር፣ ድንጋይ ደርድረው ማስተማር ጀመሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥምጣማቸው ሁልጊዜ ወደ ግራ የሚያዘነብል ሰው ነበሩ። ዜማ ያውቃሉ፣ ድምፅ ግን አልተሰጣቸውም፤ ሲያዜሙ እንደ ደረቀ በር ነው። ይህን ራሳቸውም ያውቁት ነበር፤ «እግዜር ዕውቀቱን ሰጥቶ ጉሮሮውን ለሌላ ሰጠው» ይሉናል። ጆሮ ሲቆነጥጡ ምሕረት የላቸውም። ግን እሳቸው የሠሩትን ሥራ ሌላ የኔታ ሲሠራ አላየሁም፤ እንደ ፈይሳ ያሉትን የአገሬውን ልጆች ከኛ እኩል አስቀምጠው፣ የዳዊቱን ትርጉም ለኛ በአማርኛ፣ ለነሱ በኦሮምኛ ይነግሩ ነበር። ኦሮምኛቸው የጎጃም ኦሮምኛ ነው፣ ያስቃል፤ ፈይሳ ሲስቅ ጆሮውን ይቆነጥጡና «ሳቅህን ጨርስና አርመኝ» ይሉታል።

ከሁሉ የሚብሰው ሕጋቸው ግን ሌላ ነበር። ዳዊት የጀመረ ተማሪ ሁሉ አንድ የእጅ ሥራ መማር አለበት። በዚያ ዘመን የጨዋን ልጅ ሸማኔ ቤት ግባ ማለት ስድብ ነው፤ ሸማኔውና ቀጥቃጩ ቡዳ ነው የሚባለው። እኔን ሸማኔ ቤት ሰደዱኝ። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የኔታ ዘንድ መጣች፤ «የጸሐፊ ልጅ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ ሊውል!» አለች። የኔታ የለበሰችውን ቀሚስ ማን እንደሠራው ጠየቋት፣ ሌላ ነገር አልተናገሩም። እያጉረመረመች ተመለሰች፣ እኔ ግን ሸማኔ ቤት ገባሁ፤ በኋላ በጣልያኑ ክፉ ዘመን ቤተሰቤን ያበላሁት በዚያው መወርወሪያ ነው። ፈይሳ ኮርቻ መስፋት ተማረ። የኔታ ራሳቸውም አልቀሩም፤ ከፈይሳ አያት ከኦቦ ዲንሳ ዘንድ ቀፎ መስቀል ሊማሩ ጫካ ገቡና ንቡ ሁለት ዓይናቸውን ደፈነው። በማግስቱ ሳያዩ አስተማሩን። እኛ አያዩም ብለን እየተጣቀስን ስናነብ፣ እሳቸው በጆሯቸው ብቻ አንዱንም ስሕተት ሳያሳልፉ ዋሉ።

ከትምህርት በኋላ ዋንዛው ሥር የሚሰበሰበው የከተማው ጎረምሳ ሁሉ ነበር። የተጣላ ይታረቃል፣ ከአባቱ የተኳረፈ ይመከራል፣ የታመመ ሰው ካለ ቃሬዛ ተሸካሚ ይመደባል። አንዱ ጉብል ስለ አንዲት ልጅ ሊያማክራቸው ሲያፍር፣ የኔታ ወደ ሌላ ወገን ዞረው ጥምጣማቸውን እየጠቀለሉ «እኔ የለሁም፣ ለዋንዛው ንገረው» ይሉታል። ይኼን ሁሉ የምነግራችሁ ያን ዓመት ከመስቀል በኋላ የደረሰብን ምን እንደነበር እንዲገባችሁ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጻሕፍቱን አስጠቀለሉንና፣ ጎጃም ገዳም ያሉት የራሳቸው መምህር በነጋዴ አፍ እንደላኩባቸው ነገሩን። መምህሩ አርጅተዋል፣ ና ብለዋል። «ኅዳር ላይ ወንዙ ሲጎድል ከነጋዴዎቹ ጋር እሄዳለሁ፣ ቆብ እደፋለሁ» አሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ያሰቡት ነገር ነው፣ እኛ ነን ያላወቅነው። ትንንሾቹ ማልቀስ ጀመሩ። እኔ ደግሞ ወዲያው የመጣብኝ የራሴ ጉዳይ ነው፤ አባቴ ትምህርቱ ካበቃ ቡና ጭነው ጋምቤላ ከሚወርዱት ጋር ሊሰደኝ እንዳሰበ አውቃለሁ፤ ቆላ የወረደ ደግሞ ወይ በንዳድ ይቀራል፣ ወይ ቢጫ ሆኖ ይመለሳል። የፈይሳ ነገር ከኔም የባሰ ነበር። ለኔ ሌላ መምህር ይገኝልኛል፤ እሱን ግን በቋንቋው እያስረዳ፣ ከጸሐፊ ልጅ ጎን አስቀምጦ የሚያስተምረው ከየት ይመጣል? ዳዊቱን ገና አጋምሶት ነበር።

ሁለታችን ሶር ዳር ሄደን ተቀመጥን። እኔ አለቅሳለሁ፣ ፈይሳ ድንጋይ ይወረውራል። ከዚያ ድንገት፣ ሚስት ያለው ሰው መነኩሴ ይሆናል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይሆንም አልኩት። «እንግዲያው ሚስት እንስጣቸው» አለ።

አትሳቁ። እኛ እንደ ትልቅ ነገር ነው የተመካከርነው። ማንን የሚለው ራሱ አላስቸገረንም። ባሻ ገሠሠ የሚባሉ የኬላ ጠባቂዎች አለቃ ነበሩ፤ ጺማቸው ከሰውዬው ቀድሞ ቤት የሚገባ፣ ቁጡ ሰው ናቸው። ልጃቸው እትዬ አስካለ የቡና ነጋዴ አግብታ ነበር፤ ባሏ ጋምቤላ ወርዶ በንዳድ ሲሞት ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። ብርዝ ትጠምቃለች። ጠጅ ሳይሆን ብርዝ፣ የማያሰክረው። የኔታ ከሰው ቤት ምንም አይቀምሱም፤ የአስካለን ብርዝ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ያስመጡ ነበር። ማሩ የጫካ ነው፣ ለጤና ነው ይሉናል። ጤናማ ሰው ነበሩ፣ ምን አጥተው? ሌላም አለ። በትምህርት መካከል ዝናብ ቢዘንብ፣ ሹም በሰልፍ ቢያልፍ፣ የኔታ ቀና አይሉም፤ እሷ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስታልፍ ግን ያ ሁልጊዜ ወደ ግራ የሚያዘነብለው ጥምጣም ቀጥ ይላል። ይህን ያላየ ተማሪ አልነበረም።

ሽማግሌ ማግኘት ደግሞ ከሁሉ ቀለለ። መጀመሪያ ኦቦ ዲንሳ ዘንድ ሄድን። የኔታ ልከውን ነው፣ ዓይነ አፋር ስለሆኑ በአፋቸው መናገር ከብዷቸው ነው አልን። ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ አዩን፤ ዋሹ ብለው ያሰቡ መሰለኝ፤ ግን የልጅ ልጃቸው ዳዊት ተጋምሶ መቅረቱ እሳቸውንም ያንገበግባቸው ነበር። «ጋሪዳ» አሉ፣ ደግ ነው ማለታቸው ነው። ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑን ገበዝ ያዝን። እሳቸውም ምሥጢሩን የጠረጠሩ ይመስለኛል፤ ሰው እንዲሆንለት የሚፈልገውን ነገር ቸኩሎ ነው የሚያምነው። ሦስተኛ አንድ የቡና ነጋዴ ጨመሩና በወጉ ወደ ባሻ ገሠሠ ቤት ሄዱ።

ባሻ ሥርዓት አዋቂ ናቸው። መጀመሪያ ቀን ከዘመድ ልምከር ብለው መለሷቸው፤ ሁለተኛ ሲሄዱ ልጅቱን ልጠይቃት አሉ፤ ሦስተኛ እሺ አሉ። ቃላቸውን ሰጡ። እኛ ደስታ ሊገድለን ደረሰ። ያን ሁሉ ጊዜ አንዲት ነገር ብቻ ረስተን ነበር፤ የኔታ ምንም አያውቁም። ከተማው በሙሉ ሙሽራ ያደረጋቸው ሰውዬ ቅዱስ መጽሐፋቸውን አሳድሰው፣ ጫማቸውን አስጠግነው፣ ኅዳርን እየጠበቁ ናቸው።

እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው አጥሩ ሥር ሰላምታ ሲለዋወጥ ባሻ ገሠሠ ካባቸውን እያወናጨፉ መጥተው የኔታን አቀፉና በከተማው ፊት «እንግዲህ አማቼ» አሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። የኔታ እንደ ታቀፉ ቀሩ። ከባሻ ትከሻ በላይ ዓይናቸው መንከራተት ጀመረ፤ ሰውን ሁሉ እያለፈ መጥቶ እኔና ፈይሳ ላይ ሲደርስ ቆመ። መምህር ስሕተት ሲሰማ ከየትኛው አፍ እንደወጣ ያውቃል። ፈይሳ ከሰው ኋላ ተደበቀ። የኔታ ግን በዚያ ቦታ አንድ ቃል አልተናገሩም። ቢናገሩ ኖሮ የዚያች ሴት ፊት የት ይገባ ነበር? «ያልተፈለገችው የባሻ ልጅ» ስትባል መኖሯ ነው። ይህ ነገር ለኔ የገባኝ ያኔ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ዋንዛው ሥር አልተቀመጡም። እኔንና ፈይሳን በየእጃችን ይዘው ወደ ባሻ ቤት ወሰዱን። መንገድ ላይ አልቆጡንም፤ ቢቆነጥጡን ይሻለን ነበር። ባሻ ቤት ስንደርስ ሽማግሌዎቹም እዚያው ናቸው፤ ለሠርጉ ጠጅ ስንት ቀፎ ማር እንደሚበቃ ይከራከራሉ። ባሻ ተነሥተው ወንበር ሰጧቸው። የኔታ አልቀመጥ አሉ።

«ባሻ፣ እኔ ሽማግሌ አልላክሁም» አሉ። «የላኩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ልጅዎን ለማዋረድ አይደለም፣ እኔን ለማስቀረት ነው። ጥፋቱ ያስተማርኳቸው የኔ ነው፤ ቅጣቱም ለኔ ይሁን።»

ኦቦ ዲንሳ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ገበዙ ሳል ያዛቸው። ባሻ ገሠሠ ቀይ ሰው ናቸው፤ ሲቆጡ ጠቆሩ። ቃላቸውን ሰጥተዋል፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አሁን ቃሉን የሚቀበል ሰው የለም። ዱላቸው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር፣ እጃቸው ወደዚያ ሲሄድ አየሁ፤ ወደ ማን እንደሚያነሡት ስላላወቅኩ ወደ የኔታ ተጠጋሁ። በዚህ መካከል የጓዳው መጋረጃ ተገለጠና እትዬ አስካለ ወጣች። ሁሉን ሰምታለች። እጇ ላይ የብርዝ ጣሳ ይዛለች፤ ለእንግዶቹ ልታቀርብ ነበር ይመስለኛል።

«አባባ፣ ቁጭ ይበሉ» አለች። ባሻ፣ ያ ሰው ሁሉ የሚፈራቸው ባሻ፣ ቁጭ አሉ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «እሳቸው ካልላኳችሁ ነጻ ናችሁ ማለት ነው። እንግዲያው አሁን እኔ ልኬያችኋለሁ። ጠይቁልኝ።»

ሴት ሽማግሌ ስትልክ ከዚያ በፊት አልሰማሁም፣ ከዚያም ወዲህ አልሰማሁም። ኦቦ ዲንሳ ቀስ ብለው ተነሡ፣ ኩታቸውን አስተካከሉ፣ ወደ የኔታ ዞረው እንደ ወጉ እጅ ነሡና «ባርሲሳ» አሉ፤ እሳቸው የኔታን የሚጠሩት እንዲህ ነው፣ መምህር ማለት ነው። «ባርሲሳ፣ ተልከን መጥተናል።» የኔታ አፋቸውን ሲከፍቱ እትዬ አስካለ አስቆመቻቸው።

«ዛሬ መልስ አልፈልግም» አለች። «አባቴ ከዘመድ እንደመከሩ እሳቸውም ይምከሩ። ዘመድ እዚህ የላቸውም፣ ከነዚሁ ልጆች ይማከሩ።»

ስንመለስ አንድ የቡና ዛፍ ጥላ ሥር ስንደርስ የኔታ ቆሙ። የሚያላግጡብን መስሎኝ ነበር፣ ፊታቸው ግን የቀልድ አልነበረም። «እንግዲህ ዘመዶቼ፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?» አሉ። እኔ፣ ያን ሁሉ ሴራ የሸረብኩት ሰውዬ፣ ይቅሩልን ለማለት ደፈር ስል እንባዬ ቀደመኝ። የተናገረው ፈይሳ ነው። ዳዊቱን ያጋመሰው፣ እሳቸው ከሄዱ ሌላ መምህር የማያገኘው ፈይሳ።

«የኔታ፣ ይሂዱ» አላቸው። «እኛ ያሰብነው ለራሳችን ነው። ልብዎ እዚያ ከሆነ ይሂዱ፤ ለእትዬ አስካለ እኔ ራሴ ሄጄ እነግርልዎታለሁ።»

የኔታ ራሱን ዳበሱትና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ዱሮ የሚቆነጥጡት ጆሮ ላይ እጃቸውን እንዳሳረፉ እስከ ዋንዛው ድረስ ሄዱ።

ነጋዴዎቹ የሚነሡበት ቀን ደረሰ። ጠዋት በጉሙ ውስጥ በቅሎዎቹ ተጭነው፣ ቃጭሉ እያቃጨለ፣ ከገበያው ሥር ተሰልፈዋል። እኔና ፈይሳ ልንሸኛቸው ሄድን፤ እናቴ ያዘጋጀችውን ዳቦ ይዤ ነበር። የኔታ የሉም። ነጋዴዎቹም ይጠብቋቸው ነበር፤ በኋላ ሰለቻቸውና ተነሡ። እኛ ታመው ይሆን ብለን ወደ ቤታቸው ስንሮጥ በዋንዛው በኩል አለፍን። የኔታ ትንንሾቹን በዙሪያቸው አስቀምጠው ሀ ሁ ያስቆጥራሉ። ቀና ብለው አዩንና ስለዘገየን ተቆጡን። ያን ጊዜ የጠጣሁትን ደስታ የሚያህል ጠጅ በዕድሜዬ አልጠጣሁም።

ሽማግሌዎቹ መልስ ሊቀበሉ በመጡ ጊዜ እኛም እዚያው ነበርን። ገበዙ ምን ቆርጠው እንደቀሩ ጠየቋቸው። የኔታ ወደ ፈይሳ እያዩ፣ «ሂድ የሚለኝ ልጅ ካለኝ ወዴት እሄዳለሁ?» አሉ። «እሺ ብሏል በሏት።»

የሠርጉን ጠጅ ኦቦ ዲንሳ ቻሉ። ኩታውን እኔ ነኝ የሸመንኩት፤ ጥለቱ ጠመም ብሎ ነበር፣ የኔታ ግን እስኪያልቅ ለበሱት። የእትዬ አስካለ በቅሎ የተጫነችው ኮርቻ ደግሞ የፈይሳ እጅ ሥራ ነው፤ መንገድ ላይ አንዱ ጠፍር ተበጥሶ ሙሽራዋ ልትወድቅ ነበር፤ ባሻ ገሠሠ ዱላውን ያነሡት ያን ቀን ነው። ፈይሳ ዳዊቱን በሚቀጥለው ዓመት ደገመ። አያቱ በግ አርደው፣ የኔታን አልብሰው፣ ከተማውን ሁሉ ጠርተው አበሉ። እኔንም አባቴ ጋምቤላ አላወረደኝም፤ የኔታ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጥተው አብረውት ተቀመጡ፣ ምን እንዳሉት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሲወጡ አባቴ እየሳቀ ነበር። ከዚያ ክፉው ዘመን መጣ፣ ሄደ። ዋንዛው ወደቀና ሥሩ ላይ ትምህርት ቤት ተሠራ። የኔታና እትዬ አስካለ ብዙ ወለዱ፤ የኔታ ለሴት ልጆቻቸውም ፊደሉንና የእጅ ሥራውን እኩል አስተማሩ፤ በከተማው ሲወራ እሳቸው ጆሮ አልሰጡም። መቱ ላይ ማንም ሰው ሚስቱ ስታሸንፈው «አስካለ ልካብኛለች» ይላል፤ ነገሩ ከየት እንደመጣ ግን ዛሬ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው።

አንድ ነገር ብቻ ነበር በሆዴ የቀረ። ያ ሰው ከልጅነቱ ያሰበውን ገዳም እኛ በጎረምሳ ብልጠት አስቀርተነው ይቆጨው ይሆን? እሳቸውን መጠየቅ አልደፈርኩም። ሲስቁ አያለሁ፣ ጥምጣማቸው ቀጥ ብሎ አያለሁ፤ ግን የሰው ልብ በጥምጣም አይታወቅም። የተዝካሩ ቀን ሰው ከተበተነ በኋላ እትዬ አስካለ ዘንድ ገብቼ ተቀመጥኩ። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ አፋቸው ግን ያው ነው፤ ገና ስገባ «አንተ ታደሰ፣ በባሌ ተዝካር ስትስቅ ሰማሁህ» አሉኝ። ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ደግ አደረጋችሁ አሉኝ። ከዚያ ጠየቅኳቸው። ገዳሙ ትዝ ይላቸው ነበር ወይ?

ትዝ ይላቸው ነበር አሉ። በየዓመቱ፣ ወንዙ ሲጎድል፣ የኔታ ጠዋት ተነሥተው «አስካለ፣ ዘንድሮ ሳልሄድ አልቀርም» ይሏቸዋል። እሳቸውም አይከራከሩም። በሶ ይፈጫሉ፣ ዳቦ ቆሎ ይቆላሉ፣ ስንቁን በአቅማዳ ቋጥረው በር ላይ ያኖራሉ፤ ከልባቸው ነው የሚያዘጋጁት፣ ለይስሙላ አይደለም፤ ቢሄድ እንዳይርበው ነው አሉኝ። የኔታ ስንቁን ተሸክመው፣ በትራቸውን ይዘው ይወጣሉ። እትዬ አስካለ ቀኑን ሙሉ በር በሩን እያዩ ይውላሉ፤ አንዳንዱን ዓመት በእውነት የማይመለሱ ይመስላቸው ነበር። ማታ ላይ ባዶ አቅማዳ ይዘው ይመለሳሉ፤ ስንቁን መንገድ ላይ ላገኙት ተማሪ ሁሉ አድለውታል። እራት ይቀርባል።

«ዘንድሮስ?» አልኳቸው።

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። «ዘንድሮ ወንዙ ሲጎድል ምንም ሳይለኝ ቀረ። እኔው ተነሣሁና በሶውን ልፈጭ ገባሁ። ከአልጋው ላይ ሆኖ ጠራኝ። ተይው አስካለ አለኝ። ለምን? አልኩት። ደርሻለሁ እኮ፣ አለኝ።»